የረጅም ጊዜ ሊኑክስ፦ የትኛው ከርነል ለየትኛው ግራፊክስ ካርድ?

አንድ ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱ ያለ ሙሉ የሊኑክስ ስርጭት) «የ5 ዓመት ድጋፍ አለኝ» ሲል ብዙ ሰው 5 ዓመት ሙሉ ምንም ነገር እንደማይነካካ ያስባል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አምስት ዓመቱ የዲስትሮው ነው። ውስጡ ያለው ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት፣ የራሱ ዕድሜ አለው። ሜሳ የሚባለው የግራፊክስ ሶፍትዌርም የራሱ አለው። የኤንቪዲያ ድራይቨር ደግሞ ዲስትሮውንም ከርነሉንም ሳይጠይቅ በራሱ ቀን ያበቃል። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ነው የኮምፒውተራችሁን ትክክለኛ ዕድሜ የሚወስነው።

ስለዚህ «ኡቡንቱ ይሻላል ወይስ ዴቢያን» የሚለው ክርክር ከመሃል የተጀመረ ክርክር ነው። መጀመሪያ ካርዱ ይታያል። ቀጥሎ የከርነሉ መስመር ይመረጣል። ዲስትሮው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በዚህ ቅደም ተከተል አጥብቄ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ወደታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

## ከስክሪኑ በስተጀርባ ያለው

ስክሪን ላይ ምስል እንዲመጣ ጥቂት ነገሮች መስማማት አለባቸው። ከርነሉ ውስጥ ያለው ድራይቨር ካርዱን ያንቀሳቅሳል። ፈርምዌር የሚባሉት ትናንሽ ፋይሎች ማሽኑ ሲነሳ ካርዱ ላይ ይጫናሉ። ሜሳ ደግሞ ፕሮግራሞች የሚያዙትን ሥዕል ካርዱ ወደሚገባው ትእዛዝ ይለውጣል። የኤንቪዲያን የራሱን ድራይቨር ከጫናችሁ የሜሳንም ቦታ የከርነል ሞጁሉንም (ከርነሉ ላይ የሚሰካውን ኮድ) ኩባንያው ራሱ ይይዘዋል።

አሁን ዋናው ነጥብ ይመጣል። የከርነሉ ገንቢዎች አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው፦ አዲስ ከርነል ትናንት ይሠራ የነበረን ፕሮግራም መስበር የለበትም። አዲስ ከርነል አሮጌ ዲስትሮ ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር የሚነሳው ለዚህ ነው። ከርነሉ ውስጥ ለሚገባ ኮድ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልተገባም። የውስጥ ፈንክሽኖች ከስሪት ስሪት ይቀየራሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ይጠፋሉ። ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚኖር ድራይቨር ለውጡ ሲደረግ አብሮ ይስተካከላል። ከውጭ የሚመጣ ሞጁል፣ የኤንቪዲያም ይሁን የዜድኤፍኤስ ወይም የቨርቹዋልቦክስ፣ ከኋላ እየተከተለ ራሱን ማስተካከል አለበት። አዲስ የከርነል ስሪት ደግሞ በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ ይወጣል። ተከታዩ መከተሉን ያቆመ ቀን ሞጁሉ አለቀለት።

## መስፈርቶቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት የምንመዝንባቸውን ጥያቄዎች እናስቀምጥ።

ከርነሉን ማን ይጠግነዋል? እስከ መቼ? ከርነል ዶት ኦርግ በሚባለው የከርነሉ ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን የዲስትሯችሁን ላይነግራችሁ ይችላል። ኡቡንቱ 24.04 በ2024 ኤፕሪል ሲወጣ የያዘው ከርነል 6.8 ነበር። ከርነል ዶት ኦርግ ላይ 6.8 በዚያው ዓመት ሜይ ላይ አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ ጥገናውን የተሸከመው የኡቡንቱ ባለቤት ኩባንያ ካኖኒካል ነው። የሬድ ሃትም እንዲሁ ነው፤ የሚጠቀምባቸው 4.18 እና 5.14 ከርነል ዶት ኦርግ ላይ የረጅም ጊዜ ተብለው አያውቁም። ዴቢያን ግን የረጅም ጊዜ የተባሉትን ይመርጣል፦ 6.1፣ ከዚያ 6.12።

ስሪቱ ስንት ጊዜ ይዘላል? የደኅንነት ጥገና ማግኘት አንድ ነገር ነው። ከ6.5 ወደ 6.8 መዝለል ሌላ ነገር ነው። ከውጭ የሚመጣ ሞጁል ያለው ሰው የሚፈራው ሁለተኛውን ነው።

ነገ የሚገዛ ካርድ ይገባዋል? ዛሬ ያላችሁን ካርድ ብቻ አትዩ። በሁለተኛው ዓመት ካርዱ ቢቃጠልና የሚተካው አዲስ ቢሆንስ?

ፈርምዌሩና ሜሳው ከከርነሉ ጋር እኩል ይራመዳሉ? ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

ሲበላሽ በምን ይመለሳል? ወጪውም እዚሁ ውስጥ ነው። ወጪ ሲባል የሰብስክሪፕሽን ክፍያ ብቻ ማለት አይደለም። የምታባክኑት ሰዓትም ወጪ ነው።

## የኡቡንቱ ሁለት መስመሮች

ኡቡንቱ ኤልቲኤስ (የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ስሪት) በሁለት ዓመት አንዴ በኤፕሪል ይወጣል። መደበኛ ድጋፉ 5 ዓመት ነው። ኡቡንቱ ፕሮ የሚባለው የድጋፍ ሰብስክሪፕሽን 10 ዓመት ያደርሰዋል፤ ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ማሽን በነፃ ነው። ከርነሉ ግን በሁለት መስመር ይመጣል።

የመጀመሪያው ጂኤ ይባላል። ኤልቲኤሱ ሲወጣ የነበረው የከርነል ስሪት እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ለ22.04 እሱ 5.15 ነው፤ ለ24.04 ደግሞ 6.8። የደኅንነት ጥገና እየገባ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። ኡቡንቱ ሰርቨር ስትጭኑ በነባሪነት የሚመጣው ይህ ነው። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ ከርነሉ ከወጣ በኋላ የተሠራ ካርድ ላያውቀው ይችላል።

ሁለተኛው ኤችደብሊውኢ ይባላል። በየስድስት ወሩ ከሚወጡት የኡቡንቱ ስሪቶች ከርነል እየወሰደ ኤልቲኤሱ ላይ ያመጣል። ዴስክቶፕ ስትጭኑ ሳታውቁት የምትገቡበት መስመር ይህ ነው። የ22.04ን ጉዞ ብናይ ነገሩ ይገባናል። በ5.15 ጀመረ። በ2023 መጀመሪያ ወደ 5.19 ሄደ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ወደ 6.2። በ2024 መጀመሪያ 6.5 መጣ፣ በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ 6.8። ከዚያ ቆመ። 6.8 የመጣው ከቀጣዩ ኤልቲኤስ ስለሆነ እስከ 2027 ኤፕሪል ድረስ ይዘልቃል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ኤችደብሊውኢ ማለቂያ የሌለው ሩጫ አይደለም። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይሮጣል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ሁለተኛ፣ መሃል ላይ መቆም አይቻልም። «6.5 ተስማምቶኛል፣ እዚሁ ልቆይ» ብሎ ከርነሉን መቆለፍ ትልቅ ስህተት ነው። 6.8 ከመጣ በኋላ ለ6.5 የደኅንነት ጥገና የሚያደርግ የለም። ቆላፊው የተረጋጋ ማሽን የያዘ ይመስለዋል፣ በእውነቱ ግን ጥገና የማይደርሰው ማሽን ላይ ነው ያለው። መቆም የፈለገ ሰው ወይ ጂኤ ላይ ይቁም፣ ወይ የመጨረሻው ኤችደብሊውኢ እስኪመጣ ይጠብቅ።

አንድ ጥሩ ዜናም አለ። ሜሳ ኡቡንቱ ላይ ከከርነሉ መስመር ጋር አልታሰረም። 22.04 በሜሳ 22.0 ወጥቶ 23.2 ደርሷል፤ ጂኤ ላይ ያለውም ሰው ደርሶታል።

ሊኑክስ ሚንትም መሠረቱ የኡቡንቱ ኤልቲኤስ ስለሆነ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ከርነሎቹን በዝርዝር የሚያሳይ ምቹ መስኮት ስላለው ለጀማሪ ቀለል ይላል።

## ዴቢያን

ዴቢያን 12 በ2023 ጁን ከከርነል 6.1 እና ከሜሳ 22.3 ጋር ወጣ። ዴቢያን 13 በ2025 ኦገስት 6.12ን እና ሜሳ 25.0ን ይዞ መጣ። ድጋፉ 3 ዓመት በደኅንነት ቡድኑ፣ ከዚያ 2 ዓመት በኤልቲኤስ ቡድኑ ነው። ለዴቢያን 13 ይህ እስከ 2030 ጁን መጨረሻ ይደርሳል።

እዚህ ዝላይ የለም። 6.1 ከሆነ 6.1 ነው። ለጸጥተኛ ማሽን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አንድ ጊዜ የሠራ ካርድ እስከ መጨረሻው ይሠራል፤ አፕዴት ማድረግ የሚያስፈራ ነገር መሆኑ ይቀራል።

አዲስ ካርድ ሲመጣ ግን ባክፖርትስ ወደሚባለው ማከማቻ መሄድ ግድ ነው። እዚያ ያለው ከርነል ከሙከራው የዴቢያን ቅርንጫፍ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ በተደጋጋሚ ይዘላል። የደኅንነት ቡድኑ ኃላፊነት አይወስድበትም፤ ጠባቂው ያዘጋጀው ሰው ነው። ኤልቲኤስ ቡድኑም አይሸፍነውም። ባክፖርትስ ላይ ተቀምጦ «ዴቢያን ስቴብል (የተረጋጋውን) ነው የምጠቀመው» ማለት ራስን መሸወድ ነው። እኔ ባክፖርትስን የምመክረው ቀጣዩ ዴቢያን እስኪወጣ እንደ ድልድይ ብቻ ነው።

ባክፖርትስ ከመረጣችሁ ከርነሉን ብቻ አምጥታችሁ አትቁሙ። አዲስ የኤኤምዲ ካርድ ገዝቶ ከርነሉን ብቻ ያሳደገ ሰው የሚገጥመውን እንይ። ማሽኑ ይነሳል። የቡት ጽሑፉ ይሮጣል። ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ወይም በዝቅተኛ ጥራት ይቆማል። የከርነሉን መዝገብ ሲያነብ አምድጂፒዩ የሚለው ድራይቨር አንድ ፋይል ፈልጎ እንዳጣ ይነግረዋል። ድራይቨሩ ካርዱን አውቆታል፤ የጎደለው ፈርምዌሩ ነው። የፈርምዌር ፓኬጁን ከዚያው ባክፖርትስ ሲያመጣ ስክሪኑ ይመጣል። ግን ጨዋታ ሲከፍት ይንተፋተፋል። ለምን? ሜሳው ገና ካርዱን አያውቀውም፣ ፕሮሰሰሩ ነው የሚስለው። የሲስተም መረጃ ገጹ ላይ በግራፊክስ መስመር «ኤልኤልቪኤም ፓይፕ» የሚል ካያችሁ ይህ ነው የተፈጠረው። የኤኤምዲ አርኤክስ 9070 ጥሩ ምሳሌ ነው፦ በ2025 ማርች ወጣ፣ ሜሳ 25.0 ይፈልጋል። ዴቢያን 12 ላይ በቀጥታ ሰክቶ ደስ ብሎት የሚቀመጥ የለም።

## የሬድ ሃት ቤተሰብ

እዚህ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ፣ አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ አሉ። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ነው። ስሪት 8 በ4.18፣ ስሪት 9 በ5.14፣ ስሪት 10 በ6.12 ላይ ቆሟል። ስሪት 9 እስከ 2032 ሜይ፣ ስሪት 10 እስከ 2035 ሜይ ይሄዳል።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ «5.14? ይሄማ አርጅቷል» የሚል ሰው ተሳስቷል። ሬድ ሃት ከአዲሶቹ ከርነሎች ኮድ እየቆረጠ አሮጌው ቁጥር ውስጥ ያስገባል። የግራፊክስ ክፍሉን በተለይ በየስድስት ወሩ በሚወጡት ንዑስ ስሪቶች አብዝቶ ያድሰዋል። ስለዚህ 5.14 የሚል ከርነል ውስጥ ከ6 ተከታታይ የመጣ የግራፊክስ ኮድ ታገኛላችሁ። ሜሳም አብሮ ይታደሳል። በእኔ ግምት ጸጥታንና አዲስ ካርድን ለማስታረቅ ከተሞከሩት መንገዶች ሁሉ ይህ የተሻለው ነው። ብዙ የሰው ጉልበት ስለሚጠይቅም ነው ሌሎች የማይደፍሩት።

ግን ገደብ አለው። ይህ የሚደረገው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የጥገና ዘመን ነው፤ አዲስ ሃርድዌር ወደ ከርነሉ አይገባም። ስሪት 8 እዚያ የገባው በ2024 ሜይ ነው። ዛሬ ስሪት 8 ላይ አዲስ ካርድ ለመሰካት የሚያስብ ካለ ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል።

ሌላም ነገር አለ። ሬድ ሃት ለውጭ ሞጁሎች የማይቀየሩ የውስጥ ፈንክሽኖች ዝርዝር አለው። በዚህ ምክንያት ለ9.2 የተሠራ ሞጁል 9.4 ላይም ሊሠራ ይችላል። የግራፊክስ ክፍሉ ፈንክሽኖች ግን በየጊዜው ስለሚታደሱ በዚያ ቃል ኪዳን ውስጥ አይደሉም። ስለዚህ የኤንቪዲያ ሞጁል ንዑስ ስሪት ሲቀየር መስተካከሉን ማረጋገጥ የእናንተ ሥራ ነው።

ፕሮሰሰሩንም እዩ። ስሪት 10 ቀደም ያሉ ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም፤ አልማሊኑክስ ለእነሱ ብሎ የተለየ ግንባታ ያወጣል። ስሪት 10 መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየውን የድሮውን ኤክስኦርግ ሰርቨርም አስወግዶታል፤ በተተኪው በዌይላንድ የማይሠራ የድሮ ፕሮግራም ያለው ሰው ስሪት 9 ላይ ይቆይ።

ክፍያን በተመለከተ፦ ሬድ ሃት ለግለሰብ ገንቢ እስከ 16 ማሽን በነፃ ይሰጣል። አልማና ሮኪ ነፃ ናቸው።

## ከርነልን ራስ ማምጣት

ከርነል ዶት ኦርግ የረጅም ጊዜ ብሎ የሚሰይማቸው ከርነሎች አሉ። ቀድሞ 6 ዓመት ይጠበቁ ነበር። በ2023 መነሻው ወደ 2 ዓመት እንደሚያጥር ተነገረ፤ አንዳንዱ በኋላ ይራዘማል። ስለዚህ «ኤልቲኤስ ከርነል» የሚል ስም ብቻውን የረጅም ዓመታት ዋስትና አይደለም።

ለሬድ ሃት ቤተሰብ ኢኤልሪፖ የሚባል ማከማቻ ዝግጁ አድርጎ ያቀርበዋል። ለኡቡንቱ ደግሞ ካኖኒካል የሚያወጣው የሜይንላይን ግንባታ አለ። እሱ ግን ለሙከራ ነው። አልተፈረመም፣ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ኮድ እንዳይነሳ የሚከለክለው የማሽኑ ጥበቃ) ካለ አይነሳም፣ የደኅንነት ዋስትናም የለውም። አንድ ችግር አዲስ ከርነል ላይ ተፈቶ እንደሆነ ለማየት ሁለት ቀን ተጠቀሙበት፣ ከዚያ መልሱት። ለዓመታት የሚቀመጥ ማሽን ላይ ቦታ የለውም።

ለፋብሪካና ለመሰል ተቋማት የሚሆን መሣሪያ የሚሠራ ሰው ግን ሲአይፒ የሚባለውን የሊኑክስ ፋውንዴሽን ፕሮጀክት ይመልከት። 5.10ን፣ 6.1ንና ሌሎች ጥቂት ከርነሎችን ቢያንስ ለ10 ዓመት ለመጠበቅ የተነሳ ነው።

## ካርዱ ነው የሚወስነው

ከላይ ያሉት አማራጮች ሁሉ ኤኤምዲ ወይም ኢንቴል ካርድ ላለው ሰው ቀላል ናቸው። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ነው። ከርነሉ ቢዘል አብሮት ይዘላል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ካርዱ ከከርነሉና ከሜሳው በፊት ነው የወጣው ወይስ በኋላ? በፊት ከወጣ ጣጣ የለም። በ2009 የወጡት የራዲዮን ኤችዲ 5000 ካርዶች እንኳ ሜሳ ውስጥ ድራይቨር አላቸው። ኢንቴል ላይ አዲሶቹ ከፍ ያለ ከርነል ይፈልጋሉ፤ ኤክስኢ የሚባለው አዲሱ ድራይቨር ከርነል ውስጥ የገባው በ6.8 ነው፣ ባትልሜጅ ለሚባሉት የኢንቴል ካርዶች በነባሪነት የሚሠራው ከ6.12 ጀምሮ ነው።

ሜሳ ራሱ የረጅም ጊዜ ስሪት የለውም። በየሦስት ወሩ አዲስ ይወጣል፣ የቀድሞው ይተዋል። እናንተ ጋ ያለውን አሮጌ ሜሳ የሚጠግነው ዲስትሯችሁ ነው። ፍላትፓክ (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ለብቻው የሚጭን ዘዴ) የምትጠቀሙ ከሆነ መተንፈሻ አለ፤ ፍላትፓክ የራሱን ሜሳ ይዞ ይመጣል። ከርነሉ ካርዱን ካወቀው፣ ዴቢያን ስቴብል ላይም ቢሆን ጨዋታውን በአዲስ ሜሳ ማጫወት ይቻላል።

ኤንቪዲያ ሌላ ዓለም ነው። ድራይቨሩ በቁጥር በሚጠሩ ቅርንጫፎች ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚያበቃበት ቀን አለው። ፌርሚ፣ ኬፕለር፣ ፓስካል፣ ቱሪንግና የመሳሰሉት የካርድ ትውልዶች ስም ናቸው። 390 በ2022 መጨረሻ አበቃ፤ ከእሱ ጋር የፌርሚ ካርዶች። 470 በ2024 አበቃ፤ ከእሱ ጋር የኬፕለር። 580 ማክስዌልን፣ ፓስካልንና ቮልታን የሚደግፍ የመጨረሻው ቅርንጫፍ ነው። ኤንቪዲያ ካርዱን ለስሌት ሥራ ለማዋል የሚያቀርበው ኩዳ 13ም በ2025 እነዚህኑ ሦስቱን ጥሏል። ስለዚህ የፓስካል ካርድ የሆነውን ጂቲኤክስ 1060 የያዘ ሰው 590ን መጫን አይችልም። 580 ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ከርነሉ ከ580 አቅም በላይ ይሄዳል። ለእሱ ዝላይ የሌለው ከርነል የግድ ነው።

«ታዲያ ኑቮ የሚባለው ነፃ ድራይቨር አለ አይደል?» ይባል ይሆናል። አለ። ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ቱሪንግና ከዚያ በኋላ የመጡት ካርዶች ላይ ኑቮ ከከርነል 6.7 ጀምሮ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ይችላል። ኬፕለር ላይም በእጅ ይቻላል። በመሃል ያሉት፣ ሁለተኛው ማክስዌልና ፓስካል፣ ፈርምዌራቸው በኩባንያው ፊርማ ስለተቆለፈ በዝቅተኛ ፍጥነት ይቀራሉ። ለረጅም ጊዜ ብላችሁ ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ፓስካል ያለበትን እለፉት።

ቱሪንግና ከዚያ ወዲህ ያለው በተሻለ ሁኔታ ላይ ነው። ኤንቪዲያ በ2022 ሜይ የከርነል ሞጁሉን ኮድ ክፍት አድርጓል፤ ለብላክዌል ካርዶች የሚሠራውም ክፍቱ ብቻ ነው። ክፍት መሆኑ ግን ከርነሉ ውስጥ ገብቷል ማለት አይደለም። አሁንም ከውጭ የሚመጣ ሞጁል ነው።

ይህ በተግባር ምን ያመጣል? ከርነሉ ሲዘል ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ ሞጁሉን ለአዲሱ ከርነል እንደገና ለመገንባት ይሞክራል። ካልተሳካ የስህተት መልእክቱ በአፕዴቱ ረጅም ጽሑፍ መሃል ያልፋል፣ ማንም አያየውም። ማሽኑ በሚቀጥለው ሲነሳ ስክሪኑ ዝቅ ባለ ጥራት ይመጣል ወይም ጥቁር ይሆናል። ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ ደግሞ ሞጁሉ ተገንብቶም በቁልፍ ስላልተፈረመ ሊከለከል ይችላል።

ኡቡንቱ ለዚህ ጥሩ መላ አለው፦ ለየከርነሉ አስቀድሞ የተገነባና የተፈረመ የኤንቪዲያ ሞጁል ያቀርባል። ዲኬኤምኤስን ትታችሁ እሱን ተጠቀሙ። ግን የሞጁል ፓኬጁም የራሱ መስመር አለው፦ አንዱ ለጂኤ፣ ሌላው ለኤችደብሊውኢ። ከርነሉን ወደ ኤችደብሊውኢ ቀይራችሁ ሞጁሉን በጂኤ ከተዋችሁት አዲሱ ከርነል ያለ ሞጁል ይነሳል። አልማሊኑክስም ከ2025 ጀምሮ ክፍቱን ሞጁል በሴኪዩር ቡት ፊርማ ያቀርባል።

## በአንድ ገጽ

| አማራጭ | ከርነል | የስሪት ዝላይ | አዲስ ካርድ | ሜሳ | ዕድሜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ኡቡንቱ ጂኤ | 24.04 ላይ 6.8 | የለም | ደካማ | ይታደሳል | 5 ዓመት፣ በፕሮ 10 | ነፃ፤ ፕሮ እስከ 5 ማሽን ነፃ |
| ኡቡንቱ ኤችደብሊውኢ | በስድስት ወር ይቀየራል | 4 ጊዜ ገደማ፣ ከዚያ ይረጋጋል | ጥሩ | ይታደሳል | 5 ዓመት | ነፃ፤ የመፈተሻ ጊዜ ይፈልጋል |
| ዴቢያን ስቴብል | 13 ላይ 6.12 | የለም | ደካማ | አይቀየርም | 3 ሲደመር 2 ዓመት | ነፃ |
| ዴቢያን ከባክፖርትስ ጋር | ተለዋዋጭ | ብዙ | ጥሩ | አንዳንዴ ይገባል | ለአጭር ጊዜ | ነፃ፤ ብዙ ክትትል |
| ሬድ ሃት ቤተሰብ | 9 ላይ 5.14፣ 10 ላይ 6.12 | ቁጥሩ አይቀየርም፣ ውስጡ ይታደሳል | በመጀመሪያው 5 ዓመት ጥሩ | ይታደሳል | 10 ዓመት | አልማና ሮኪ ነፃ፤ ሬድ ሃት ለድርጅት በክፍያ |
| በራስ የመጣ ከርነል | እንደ ምርጫችሁ | እንደ ምርጫችሁ | በጣም ጥሩ | ለብቻ ይታሰባል | መነሻው 2 ዓመት | ነፃ፤ ከፍተኛ ድካም |

## ለማን የትኛው?

የቢሮ ወይም የቤት ኮምፒውተር፣ ካርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣ፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ። ዴቢያን ስቴብል ወይም ኡቡንቱ ጂኤ። ምንም አትክፈሉ፣ ምንም አትነካኩ።

በቅርቡ የተገዛ ላፕቶፕ። ኡቡንቱ ኤችደብሊውኢ ወይም ሚንት። ዝላዩ እስኪያልቅ ታገሡ፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁ ነገር ከጂኤ ባልተናነሰ የተረጋጋ ነው። ካርዱ ኤኤምዲ ወይም ኢንቴል ከሆነ ዝላዩን እንኳ ላታውቁት ትችላላችሁ።

ለሥራ የሚውል የኤንቪዲያ ማሽን፣ ቱሪንግና ከዚያ በኋላ። በጀት ከሌለ አልማሊኑክስ ወይም ኡቡንቱ ጂኤ ከተፈረመው ሞጁል ጋር። በጀት ካለና የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ሻጭ ሬድ ሃትን ብቻ እደግፋለሁ ካለ ሰብስክሪፕሽኑን ግዙ፤ ሻጩ «ያንተ ሲስተም እኛ የምንደግፈው አይደለም» ብሎ በሩን ሲዘጋባችሁ የምታጡት ጊዜ ከክፍያው ይበልጣል። በሁለቱም መንገድ አንድ የድራይቨር ቅርንጫፍ መርጣችሁ አጥብቃችሁ ያዙ። አዲስ ስለወጣ ብቻ ወደሚቀጥለው አትዝለሉ። ፍላትፓክ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው የኤንቪዲያ ክፍል ከከርነል ሞጁሉ ጋር በስሪት ልክ አንድ መሆን አለበት፤ ድራይቨሩ በታደሰ ቁጥር ፍላትፓኩንም አድሱ።

ማክስዌል ወይም ፓስካል ያለው። 580ን ይዛችሁ ዝላይ በሌለው ከርነል ላይ ተቀመጡ። አልማ 9 ወይም ኡቡንቱ 24.04 ጂኤ ለዚህ ይመቻል። ኤችደብሊውኢ ለእናንተ አይደለም።

ስክሪን የሌለው ሰርቨር። ከዚህ ጽሑፍ ግማሹ አይመለከታችሁም። ጂኤ፣ ዴቢያን ወይም አልማ፤ የለመዳችሁትን ያዙ። ኩዳ የምታሠሩበት ከሆነ ግን የሥራ ማሽኑን ምክር ተከተሉ።

ለ10 ዓመት ሰው ሳይነካው የሚሠራ የማሳያ ወይም የመቆጣጠሪያ ማሽን። ሬድ ሃት ወይም ኡቡንቱ ፕሮ በጂኤ። ካርዱ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ይሁን። በዚህ ላይ አልደራደርም። ለ10 ዓመት የምትተማመኑበትን ማሽን የማብቂያ ቀኑ በሌላ እጅ ካለ ሞጁል ጋር አታስሩት። መለዋወጫ ካርዱንም ከመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ግዙ፤ በሰባተኛው ዓመት ገበያ ላይ የምታገኙት ካርድ አሮጌው ከርነል የማያውቀው ነው።

ብዙ ማሽን ያለው ድርጅት። ከየዓይነቱ አንድ ማሽን ለይታችሁ አፕዴቱን መጀመሪያ እዚያ አስገቡ። ከሳምንት በኋላ ወደ ሌሎቹ። ይህን ማድረግ ምንም አያስከፍልም፤ ብዙ ቢሮ ግን አያደርገውም።

## ስትዘሉና ስትመለሱ

ከርነል ከመቀየራችሁ በፊት ዛሬ ያላችሁበትን ጻፉት፦ የከርነል ስሪት፣ የሜሳ ወይም የኤንቪዲያ ድራይቨር ስሪት፣ የፈርምዌር ፓኬጁ ስሪት። ችግር ሲመጣ «ከምን ወደ ምን ሄድኩ» የሚለውን ካላወቃችሁ ጭፍን ፍለጋ ነው የሚሆነው።

አሮጌውን ከርነል አታጥፉ። ቢያንስ አንድ የሠራ ከርነል ይቀመጥ። የቡት ክፍልፋዩ ጠባብ ከሆነና ሁለት ከርነል የማይችል ከሆነ አስቀድማችሁ አስፉት። ስክሪኑ ጠቁሮ ቢነሳ ማሽኑን እንደገና አስነሱት፣ የግራብ ምናሌ (ማሽኑ ሲነሳ ከርነል የሚመረጥበት ዝርዝር) እንዲመጣ አድርጉ፣ «ተጨማሪ አማራጮች» ከሚለው ውስጥ የቀድሞውን ከርነል ምረጡ። ሠርቶ ከተነሳ ፋይሎቻችሁ ምንም አልሆኑም፤ የተበላሸው አዲሱ ከርነልና የሞጁሉ ትዳር ብቻ ነው።

ኡቡንቱ ላይ ከኤችደብሊውኢ ወደ ጂኤ መመለስም ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የጂኤውን ከርነል ፓኬጅ ጫኑ። ኤንቪዲያ ካለ ለጂኤ የተሠራውን ሞጁል አብራችሁ ጫኑ። ከግራብ የጂኤውን መርጣችሁ ተነሱና ስክሪኑ፣ ድምፁና ኔትወርኩ መሥራታቸውን አረጋግጡ። ኤችደብሊውኢውን የምታነሱት ከዚህ በኋላ ነው። ዋናውን ፓኬጅ ሳታነሱ የከርነሉን ፋይል ብቻ ካጠፋችሁ በሚቀጥለው አፕዴት ተመልሶ ይመጣል።